ሚቶና የገደል ማሚቶ

አንባብያን ሆይ፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ በፊታችሁ አስቀምጡና ተመልከቱት። መቶ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ቢይዝ ነው። በዚህች ብርጭቆ ውስጥ የሠላሳ ፈረስ ጉልበት ይገባል የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሰውዬው ጤና የለውም ማለታችሁ አይቀርም። ኢጣልያኖች ግን አስገብተውታል። አስገብተውም ሁለት ጎማና አንድ ኮርቻ ጨምረው፣ ቀይ ቀለም ቀብተው ለወጣቶች ሸጠውታል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ባለ ሁለት ምት ሞተር ስላለው፣ ቀላልና ፈጣን ስለሆነው የወጣቶች ሞተር ብስክሌት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ወጣቶች ስለ ሞተር ሲነጋገሩ “ስንት ይሮጣል?” ብለው ይጀምራሉ፤ በዚያውም ይጨርሳሉ። የማስተምራቸው ተማሪዎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ነገር ግን “ለምን ይሮጣል?” እና “ለማን ይሮጣል?” የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ከዚያ ይበልጣሉ። አንድ ሞተር ለምን እንደሚሮጥ የማያውቅ ሰው፣ መቼ እንደሚከዳውም አያውቅምና። ነገሩም የወሬ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዕውቀት ማነስ እግሩን፣ ገንዘቡን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ወጣት አለ።

ለምሳሌ የምንወስደው ካጂቫ የተባለው ፋብሪካ የሠራውን ሚቶ 125ን ነው። ፋብሪካው የቆመው በሰሜን ኢጣልያ በቫሬዜ ከተማ ነው። ስሙም የተገኘው ካስቲሊዮኒ ከሚለው የቤተ ሰብ ስም፣ ጆቫኒ ከሚለው የአባትየው ስምና ከከተማው ስም የተወሰዱ ፊደላት ተገጣጥመው ነው። ሚቶ የወጣው በ1990 ሲሆን፣ ቃሉ በኢጣልያንኛ አፈ ታሪክ ማለት ነው። በ1994 ደግሞ አዲስ ልብስ አለበሱት። በዚያ ዓመት ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው ዱካቲ 916 የዓለምን ዓይን ስቦ ነበር፤ ዱካቲም ያን ጊዜ የእነዚሁ የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች ንብረት ነበረ። ስለዚህ ሚቶ የታላቅ ወንድሙን ካፖርት ለብሶ ወደ ገበያ የወጣ ታናሽ ወንድም መሰለ።

ተፎካካሪም አላጣ። በቬኒስ አጠገብ ባለችው በኖአሌ የሚገኘው አፕሪሊያ፣ አርኤስ 125 የተባለውን አሰለፈ። ከጃፓኖቹም ሆንዳ ኤንኤስአር 125ን፣ ያማሃም ቲዜድአር 125ን አመጡ። ሁሉም በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ነበሩ፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ሲሊንደሩ አንድ፣ መልኩ እንደ ውድድር ሞተር፣ ገዢው ገና ጢም ያላወጣ ወጣት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ፤ ለምን ይሮጣል? የሚቶ ሲሊንደር የአፉ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ርቀት 50.6 ሚሊ ሜትር ነው። በትምህርት ቤት የተማራችሁትን የሲሊንደር ይዘት ስሌት ብትሠሩበት 124.6 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይወጣላችኋል። እንግዲህ ከዚህች ትንሽ ጓዳ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ከተገኘ፣ ከአንድ ሊትር 240 ተገኘ ማለት ነው። በየመንገዱ ከምናያቸው የቤት መኪናዎች አብዛኞቹ የዚህን እኩሌታ እንኳ አያገኙም።

ምስጢሩ ከምቱ ቁጥር ይጀምራል። በተራ መኪና ውስጥ ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን በአራት ተራ ይፈጽማል፤ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። ስለዚህ የሞተሩ ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሳት የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ያቃጥላል። አንዱ ጸሐፊ በሁለት ቀን አንድ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሌላው በየቀኑ አንድ ይጽፋል እንደማለት ነው።

ይህንንም የሚያደርገው የአየር መግቢያና መውጫ ቫልቮች ሳይኖሩት ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከበታቹ ወዳለው ክፍል አዲስ ቅልቅል ይስባል። እሳት ተነሥቶ ወደ ታች ሲገፋው ደግሞ፣ በሲሊንደሩ ጎን ያለውን የጢስ መውጫ ቀዳዳ አልፎ ይከፍተዋል። ትንሽ ዝቅ ሲል የመግቢያ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ ከበታች ታምቆ የቆየውም አዲስ ቅልቅል ተገፍቶ ወደ ላይ ይገባል። የታችኛው ክፍል እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሆኖ ያገለግላል፤ ፒስተኑም ራሱ በር ከፋች፣ ራሱ በር ዘጊ ነው። ቫልቭና የቫልቭ ዘንግ ስለሌለው ሞተሩ ቀላል፣ አሠራሩም ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚፈልግ ሆነ።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። መግቢያውና መውጫው ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ስለሚሆኑ፣ አዲሱ ቅልቅል ሳይቃጠል ከጢሱ ጋር ሾልኮ ይወጣል። እንግዳን በፊት በር ተቀብሎ ምሳ ሳያበሉ በጓሮ በር እንደ መሸኘት ነው። በዚህ ምክንያት የቀድሞዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ቤንዚን የሚያባክኑና ጉልበታቸው የደከመ ነበሩ።

መድኃኒቱ የተገኘው በጢስ መውጫው ቧንቧ ውስጥ ነው። የእነዚህን ሞተር ብስክሌቶች ማርሚታ ያየ ሰው አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ያበጠ፣ ጅራቱ እንደገና የጠበበ መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም። ይህ ለጌጥ አይደለም። ጢሱ በኃይል ሲወጣ የድምፅ ማዕበል ይፈጥራል። ማዕበሉም በቧንቧው ሄዶ ጠባቡን ጅራት ሲያገኝ፣ በገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፅ እንደሚመለስ ሁሉ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሲመለስም ሾልኮ የወጣውን አዲስ ቅልቅል እየገፋ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። እንግዲህ ሚቶ በገደል ማሚቶ ይኖራል ብንል የስም ጨዋታ ብቻ አይሆንብንም።

ነገር ግን ማሚቶ ቀጠሮውን የሚያከብረው በገዛ ራሱ ፍጥነት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ማዕበሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ እጅግ ሲፈጥን ደግሞ ይዘገያል። በሰዓቱ የሚደርሰው በተወሰነ የዙር ክልል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ገደማ ሞተሩ የተኛ መስሎ የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ግን በድንገት ይነቃል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ ነጂውም ወደ ኋላ ይሳባል። ይህ ደስታ ከጥቂት ሺህ ዙር በኋላ፣ ወር ሳይጋመስ እንደሚያልቅ ደመወዝ፣ ወዲያው ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሚቶዎች ላይ ሰባት ማርሽ የተገጠመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጂው ማርሽ እየቀያየረ ሞተሩን ከዚያች ጠባብ ክልል ሳያወጣ እንዲጓዝ ነው። መሐንዲሶቹም ከዚህ በላይ፣ የጢስ መውጫውን ቀዳዳ እንደ ዙሩ ብዛት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መዝጊያ ጨምረውበታል።

ይህን የማሚቶ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ያራቀቀው በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ፣ ኤምዜድ በተባለው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቫልተር ካዴን ነው። በእጁ ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፤ ነገር ግን የድምፅን ማዕበል እየለካ ቧንቧ ይቆርጥና ይበይድ ነበር። በ1961 የእርሱ የ125 ውድድር ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ይህም ከአንድ ሊትር 200 ማለት ነው። አየር በመጭመቂያ ሳይገፋለት ከዚህ ደረጃ የደረሰ ሞተር ከዚያ በፊት አልነበረም ይባላል።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የበርሊን ግንብ ቆመ። የካዴን ዋና ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ለዓለም ሻምፒዮንነት ጥቂት ቀርቶት ሳለ፣ በመስከረም ወር በስዊድን በክሪስቲያንስታድ በተደረገው ውድድር ሞተሩ ተበላሸበት። ከዚያ ወደ ቾፓው አልተመለሰም፤ ከድቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሚስቱና ልጆቹም በመኪና ውስጥ ተደብቀው ድንበሩን ተሻገሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1962፣ ዴግነር በሱዙኪ ሞተር ላይ ተቀምጦ በ50 ሴንቲ ሜትር ኩብ ክፍል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ይህም ለሱዙኪ የመጀመሪያው የዓለም ማዕረግ ነበር። በጃፓን የሱዙካ መወዳደሪያ መንገድ ላይ አንዱ መታጠፊያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ካዴን ግን ከነቧንቧዎቹ እዚያው ቀረ። ዕውቀት በሻንጣ አይፈተሽም፤ በድንበርም አይያዝም። ከዚህ ታሪክ ክህደቱን ማውገዝም ጀግንነቱን ማድነቅም ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ለወጣት ተወዳዳሪዎች ትምህርት ቤት ሆኑ። ዝነኛው ቫለንቲኖ ሮሲ በ1993 በኢጣልያ የ125 ውድድር የተሰጠው ሚቶ ነበር። ሞተሩንም ከመነሻው መቶ ሜትር ያህል እንኳ ሳይርቅ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጣለው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በሚቶ የኢጣልያን ሻምፒዮንነት ወሰደ፤ በ1997 ደግሞ በአፕሪሊያ የ125 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወጣቶች የ1997ቱን ያስታውሳሉ፤ የ1993ቱን መታጠፊያ ግን ይረሱታል። ሮሲ የወደቀው በተዘጋ የውድድር መንገድ፣ ቆዳ ለብሶና የራስ ቁር ደፍቶ፣ አጠገቡ ሐኪም ቆሞለት መሆኑንም አብረው ይረሱታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ለማን ይሮጣል? በኢጣልያ 16 ዓመት የሞላው ልጅ 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ለመንዳት ፈቃድ ማውጣት ይችላል። የአውሮፓ አገሮች ሕግ ግን ለእንዲህ ያለው ጀማሪ ጉልበቱ ከ11 ኪሎ ዋት፣ ማለት ከ15 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። ፋብሪካዎቹም ሞተሩን እንደ ቀድሞው አድርገው እየሠሩ፣ ሲሸጡት ልጓም ያገቡለት ጀመር። ልጓሙም በማርሚታው አንገት የገባ ጠባብ ቀለበት፣ ወይም በካርቡራተሩ አፍ የተደረገ ማጥበቢያ ሊሆን ይችላል።

ልጁ ምን ያደርጋል? መፍቻ ይበደራል። ቀለበቱን አውጥቶ ይጥልና ግማሽ የነበረውን ጉልበት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርግ ወጣት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያጣል። የመጀመሪያው ሕጉ ነው፤ ፈቃዱ የማይሸፍነውን ሞተር ስለሚነዳ አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንስ ኩባንያው ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል። ሁለተኛው ሞተሩ ነው፤ የጢሱ መንገድ ሲሰፋ የሚገባው ቤንዚን ካልተስተካከለ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ ፒስተኑም ቀልጦ ወይም ነክሶ ይቆማል። ሦስተኛው ራሱ ነው።

ስለ ሦስተኛው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ100 ሲሄድ 28 ሜትር ገደማ። አንድ ሰው መንገድ ላይ በድንገት ቢገባበት፣ ዓይኑ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ማለፉ አይቀርም። ያ 28 ሜትር ፍሬን ከመያዙ በፊት የሚያልቅ መንገድ ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ፣ ማቆሚያው ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ የአስተማሪ ማስፈራሪያ አይደለም፤ በፊዚክስ መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለ ነው።

በባለ ሁለት ምቱ ላይ ሌላም ይጨመራል። ከላይ እንዳልነው ጉልበቱ የሚመጣው በድንገት ነው። ነጂው መታጠፊያ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ ጋዝ ሲሰጥ ሞተሩ ከዚያች ጠባብ ክልል ቢደርስ፣ የኋላው ጎማ ሳይታሰብ ይንሸራተታል። የሰለጠነው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ማርሹን አስቀድሞ ይመርጣል፤ ያልሰለጠነው ግን ማርሽ የሚፈልገው ከመሬት ላይ ሆኖ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የተባለው ለዚህም ይሆናል።

የሞተሩም ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል። ባለ ሁለት ምቱ የታችኛው ክፍል የቅልቅል መተላለፊያ ስለሆነ፣ እንደ መኪና ዘይት ተጠራቅሞ አይቀመጥበትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እየገባ ያለሰልሳል፤ ኋላም አብሮ ይቃጠላል። የድሮ ቬስፓ ያየ ሰው ያን ሰማያዊ ጢስ ያስታውሰዋል። ስለዚህ በረጅም ቁልቁለት ጋዙን ዘግቶ በማርሽ ብቻ የሚወርድ ሰው፣ ሞተሩ በብዙ ዙር እየዞረ ሳለ ዘይት ነሣው ማለት ነው። ፒስተኑ ሊነክስ፣ የኋላው ጎማም ሊቆለፍ ይችላል። የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ሁለት ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ የማያነሡት ለዚህ ነበር፤ ሞተሩ ሲነክስ ፍሪሲዮኑን ሳብ አድርገው ጎማውን ነፃ ያወጡታል። የካንዴላውንም ቀለም ያነቡ ነበር። የተቆላ ቡና መልክ ካለው ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ቅልቅሉ ሳስቷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ቶሎ ያልቃሉና፣ ከመግዣው ዋጋ ሌላ የመጠገኛ ኪስ ይፈልጋል። ደመወዙን ለሦስት ቦታ የሚከፍል ጀማሪ ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ዛሬ ታዲያ እነዚህ ሞተሮች የት አሉ? ጌታቸውን ያነገሠው ጉድለት መልሶ ጣላቸው። ማሚቶ የሚመልሰው ቅልቅል ሁሉን አይደለም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የዘይት ጢስ ወደ አየር ይወጣል። በአውሮፓ የጢስ ሕጉ እየጠበቀ ሄደ፤ በተለይም በ2006 የመጣው ደረጃ ለእነርሱ ከባድ ሆነ። ሆንዳ በ2004፣ ያማሃም በ2008 በባለ አራት ምት ሞተር የሚሠሩ የ125 ስፖርት ሞተር ብስክሌቶችን ለወጣቶች አወጡ። ጢሳቸው ያነሰ፣ ጠባያቸው የረጋ፣ ጉልበታቸውም ከሕጉ ልክ የማያልፍ ነው። በዓለም ሻምፒዮና የ125 ክፍል የመጨረሻው ውድድር የተደረገው በኅዳር 2011 በስፔን በቫሌንሲያ ነው፤ የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ኒኮላስ ቴሮል የነዳው አፕሪሊያ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ቦታውን ባለ አራት ምት የ250 ክፍል ወሰደው። ሚቶም በዚያው ዘመን ከፋብሪካው በር መውጣቱን አቆመ። ባለ ሁለት ምቱ ፈጽሞ አልሞተም፤ በጭቃና በአሸዋ ውድድር ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከአውራ ጎዳናው ግን ተሰናብቷል። ሚቶም እንደ ስሙ አፈ ታሪክ ሆነ።

አንዳንዶች “የወጣቱን ደስታ ሕግ ገደለው” ብለው ያማርራሉ። ደስታው እውነት መሆኑን አልክድም፤ ያ ድንገተኛ ንቃት ሰውን የሚማርክ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ደስታ የተገኘው አንድ ሰው ቧንቧ እየቆረጠ፣ እየለካ፣ እየበየደ ለዓመታት ስለ ደከመበት ነው። መሐንዲሱ በዓመታት የደረሰበትን ጉልበት ልጁ በአንድ ቅዳሜ በመፍቻ ሊወስደው ሲፈልግ፣ የወሰደው ውጤቱን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። አደጋውም ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ወዳጃችሁ አንድ ፈጣን ሞተር አምጥቶ “ውጣና ሞክረው!” ቢላችሁ፣ ስንት እንደሚሮጥ ከመጠየቃችሁ በፊት ሌላ ጠይቁት። ጉልበቱ ከስንት ዙር ላይ ይነቃል? ፍሬኑ መቼ ታየ? ሁለተኛ የራስ ቁር አለህ? መልሱን ካላወቀ፣ ሞተሩን አድንቃችሁ፣ ሻይ ጋብዛችሁት፣ በእግራችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።